አሜን ያለው አዳራሽ

ውጫሌ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለጌዴዎን፣

አዎ፣ እናቴ ቪዲዮውን አይታዋለች።

ስልክህን የማላነሣው ሳላየው ቀርቼ አይደለም። ባነሣው እጮህብሃለሁ፤ አንተ ደግሞ «እሺ ሰሚሃ፣ እሺ ሰሚሃ» እያልክ ታባብለኛለህ፤ መጨረሻ ላይ ማን ምን እንዳለ ሳይታወቅ ይዘጋል። ስለዚህ ጻፍልኝ። የተጻፈ ነገር ተመልሶ አይዋጥም። ወደዚህ ለሚመላለስ ሹፌር ብትሰጠው የማስተምርበት ትምህርት ቤት ድረስ ያመጣልኛል። ጾም ይዤ ነው የምጽፍልህ፤ ስድቡን ለረመዳን ብዬ ቀንሼልሃለሁ፣ እወቅልኝ።

እንዴት እንዳየችው ልንገርህ። ጎረቤታችን ራዚያ ስልኳን ይዛ እየሳቀች መጣች። «እማማ ኡሙሰልማ፣ ኧረ ዋርሳዎ ትልቅ ሰው ሆነው ወጥተዋል! ዩኒቨርሲቲ ገብተዋል!» እናቴ ስልኩን ተቀበለቻት። በማዕከላችሁ አዳራሽ፣ ምንጣፍ ላይ፣ አጎቴ ሰላሀዲን፣ የአባቴ ወንድም፣ ተቀምጠዋል። አጠገባቸው የባዬ አባት። ያ ባዬ፣ ሐይቁ በሸሸበት መሬት ላይ ወንድሜን ሀምዱን በዱላ መትቶ ገድሎ ቆላ የወረደው ባዬ። ሼህ ባድሩ መሃል ቆመው ዱዓ ያደርጋሉ። አጎቴ «የወንድሜን ልጅ ደም ለአላህ ብዬ አውፍ ብያለሁ» ይላሉ። አዳራሽ ሙሉ ሰው «አሜን!» ይላል። ከዚያ አጨበጨባችሁ።

እናቴ አልጮኸችም። ስልኩን መለሰችና «ስሙን እንኳ አልጠሩት» አለች። ገብታ ተኛች።

ሀምዱ ከሞተ ዓመት ከመንፈቅ ነው። ሽማግሌ በመጣ ቁጥር የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ እንደነበር አንተም ታውቃለህ። ካሳ አላለችም፣ መሬቱን መልሱ አላለችም። ባዬ ፊቷ ቆሞ፣ ሀምዱ ዱላ እንዳልያዘ በአፉ ይናገር፤ ከዚያ ስለ አውፍታው፣ ስለ ይቅርታው፣ ታስባለች። «መጀመሪያ የመታው ሀምዱ ነው» የሚለው ወሬ አገሩን ሞልቶታልና። አሁን ባዬ ምን ብሎ ይናገር? ዕርቁ አልቋል፣ ተጨብጭቦለታል።

ከመድረኩ በላይ የሰቀላችሁትንም አንብቤዋለሁ፦ «ዱዓ ልምምድ የለውም — ሼህ ባድሩ»። ሰውየው ሊያስጠነቅቁህ ነው የነገሩህ። አንተ ጌጥ አደረግኸው።

ጻፍ።

ሰሚሃ


ከሰብአዊ ጥናት ማዕከል፣ ሚያዝያ 15 ቀን 2013 ዓ.ም.

እህቴ ሰሚሃ፣

«እንዴት ነሽ» ብዬ መጀመር ፈርቼ ስንት ወረቀት ቀደድኩ። እኔም ሁዳዴ ላይ ነኝ፤ የሁለታችን ጾም ተጋጥሞ ይህ ሁሉ ቁጣ ከየት እንደመጣ እግዜር ይወቀው።

የለም፣ አላወቅኩም። የሐይቅ ልጅ ሆነህ የባዬን አባት እንዴት አጣኸው ትይኛለሽ። ሀምዱ ሲሞት እኔ እዚህ ነበርኩ፤ ሰውየውን ከዚያ በፊት አይቼው ቢሆን እንኳ ጋቢ ለብሶ መንገድ ዳር ከሚያልፍ ሰው ለይቼ አላየሁትም። አጎትሽን ግን አውቄአቸዋለሁ። ሼህ ባድሩን የዕርቁን ሥርዓት ለታዳሚ እንዲያሳዩልን ስጠይቃቸው «የራሴን ሰዎች ይዤ እመጣለሁ» ብለውኝ ነበር። አጎትሽን ከመኪና ሲወርዱ ሳይ ደስ አለኝ። ላንቺ ያልነገርኩሽ ላስገርምሽ ብዬ ነው። «የወንድሜን ልጅ ደም» ሲሉም በልቤ «ምን ዓይነት ተዋናይ ናቸው» ነው ያልኩት። ይህንን መጻፍ ያሳፍራል፣ ግን እንዳልኩት አልኩት።

ማዕከሉን ግን በአንድ ቀን አትፍረጂው። አንቺም አመልክተሽ እንደነበር አልረሳሁም፤ ቦታው ላንቺም ይገባ ነበር። ከዲግሪ በኋላ ሜዳ ላይ ለሚቀር እንደኔ ላለ ሰው ጠረጴዛ የሰጠ ቤት ነው። መቅረጸ ድምፅ ያውሰናል፤ አገር ለአገር ስንዞር መኪና ይሰጠናል። ሐሙስ ሐሙስ ጽሑፋችንን ይዘን እንቀመጣለን፤ አንድ አዛውንት ፕሮፌሰር የጻፍኩትን በቀይ እስክሪብቶ አሳርረው ሲመልሱልኝ፣ ወላሂ — ይኸው ያንቺን ቃል ወሰድኩ — አራት ዓመት ክፍል ውስጥ ካገኘሁት ይበልጥብኛል። ቅዳሜ ደግሞ በሩ ለሕዝብ ይከፈታል። ጡረተኛው፣ መጽሐፍ አዟሪዋ፣ ከሰፈር የመጣ ወጣት ገብቶ ይሰማል፣ ይጠይቃል። እውቀት ከመደርደሪያ ወርዶ ሰው መሃል ይቀመጥ እያልን ካፌ በር ላይ እስኪያባርሩን ስንከራከር የነበረው እኮ ይህንኑ ነው።

ከቪዲዮው ሥር «ለትምህርት የቀረበ ማሳያ እንጂ እውነተኛ ዕርቅ አይደለም» የሚል ማስታወሻ አስገብተናል። ማሳያ ነው፣ ሰሚሃ። ማንንም አያስርም። ለእናትሽ እንዲህ ብለሽ ንገሪልኝ፤ ጉልበታቸውን ስሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ጌዴዎን


ውጫሌ፣ ግንቦት 12 ቀን 2013 ዓ.ም.

ጌዴዎን፣

አዎ፣ ባዬ ተመልሷል። ከኢድ ማግስት ነው የገባው። ሐይቁ ዳር መረብ ሲጎትት፣ ቆሮሶ ዓሣ ሲመዝን ያላየው የለም። እኔም አየሁት። ዓይኑን እንኳ አልሰበረም። «ሰሚሃ፣ አብሽሪ፣ አለፈ እኮ» አለኝ።

«ማን አሳለፈው?»

«አጎትሽ ናቸዋ። በዩኒቨርሲቲ ፊት!»

በዩኒቨርሲቲ ፊት። ሰማህ? ከቀበሌ ማኅተም በላይ ሆናችሁለታል።

ያንተን «ማሳያ ነው፣ ማንንም አያስርም» ለእናቴ አነበብኩላት። «እሱ ቤተክርስቲያን ሲሄድ ለማሳያ ይጸልያል እንዴ?» አለችኝ። ምን ልመልስላት? አንተ መልስላት።

የሀምዱ የፍርድ ቤት ጉዳይም ያው ነው። ያን ቀን ማሳ ላይ የነበሩት ሁለቱ ጎረቤቶች ሊመሰክሩ ነበር፤ አሁን «ዱዓ በተደረገበት ነገር አንገባም» ብለው ቀሩ። ፈሪዎች ናቸው እንዳትል። እዚህ አገር አሜን የተባለበትን ነገር መልሶ የሚነካ ሰው ምን እንደሚባል አሳምረህ ታውቃለህ። ረስተኸው እንደሆነ ነው እንጂ።

አጎቴን ጠየቅኳቸው። እጃቸውን እያሻሹ «ድራማ ነው ተባልኩ፤ ተቀመጥኩ። ኋላ ሼሁ ዓይኔን አዩኝ፣ አፌ በራሱ ተናገረ። ከዚያ ወዲያ ተመለስኩ ብል ምኑን ሙስሊም ሆንኩት?» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ እናቴ ደጅ አይደርሱም።

ሼሁም ቤት ሄድኩ። እጃቸውን ስሜ ሳልዘይራቸው፣ ሳልቀመጥ።

«ልጁን ነግሬው ነበር» አሉ። «ዱዓ ልምምድ የለውም አልሁት። ሳቀና ጻፈው።»

«እርስዎ ግን ሁለቱ እነማን እንደሆኑ ያውቁ ነበር።»

«እንዴታ! ዓመት ከመንፈቅ ተመላለስሁ፤ አንድ ጥላ ሥር አልቀመጥ አሉኝ። እዚያ ሰዎቹ በመኪና አምጥተው ጎን ለጎን አስቀመጡልኝ። አላህ የከፈተውን በር እኔ ልዝጋው?»

«እናቴስ በየት በኩል ትግባ?»

ሼህ ባድሩ ሙስባሃቸውን፣ መቁጠሪያቸውን፣ ብዙ ቆጠሩ። ኋላ እንዲህ አሉኝ፦ «ዱዓው የእኔ ነው፤ አላነሣውም። አሜኑ ግን የሰዎቹ ነው። የልጁ እናት ሳትጠየቅ መቅረቷን ሳያውቁ ነው ያሉት። ነግራቸው አሜናቸውን ከመለሱላት የእኔ ዱዓ ብቻውን ቀረ። ያኔ ከደጇ እንደገና እጀምራለሁ።»

እንግዲህ የምፈልገውን ስማ። ማስታወሻ አይደለም። ቪዲዮ ማውረድም አይደለም። ያንኑ ሰው በዚያው አዳራሽ ሰብስቡት፤ እናቴ ቆማ ትናገር። ሕዝብ ማሳተፍ ሥራችን ነው ትሉ የለም ወይ? አሳትፉ እንግዲህ!

ሰሚሃ


ከማዕከሉ፣ ሰኔ 8 ቀን 2013 ዓ.ም.

ሰሚሃ፣

መጀመሪያ አልፈቀዱም። እስከ መጨረሻው አንብቢው።

ዳይሬክተራችን ዶክተር የሺሀረግ ክፉ ሰው አይደሉም፤ እኔን መሳይ ጀማሪ ሲገፋ ከለላ የሚሆኑ ናቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ሰሙኝ።

«እኛ ውይይት እንከፍታለን እንጂ ችሎት አንከፍትም፣ ጌዴዎን።»

«ችሎቱን ከፍተነዋል። ፍርዱም ተሰጥቷል።»

«ያ ትዕይንት ነበር።»

«ለማን?»

«ለታዳሚው ነዋ!»

«ለኡሙሰልማስ?»

«እሳቸው ታዳሚ አልነበሩማ!» አሉኝ፤ ብለውም ራሳቸው ደነገጡ።

እኔም ነገሩን እንደ አዲስ ያየሁት ያኔ ነው። ለውጥ መጣ ከተባለ ወዲህ ይቅርታ የማይባልበት መድረክ አልነበረም። አገሩ ሁሉ ሲተቃቀፍ ያየነውን ይዘን፣ እኛም የሚተቃቀፍ ሰው ፈልገን አመጣን። ማን ማንን ይቅር እንዳለ መጠየቅ ድግስ ማበላሸት ይመስል ነበር። በዓመቱ ሪፖርት ላይ የእኔ ዝግጅት «የተሳካ የሕዝብ ተሳትፎ» ተብሎ ገብቷል። የምርምር ድጋፌ የታደሰውም በእሱ ነው። እንኳን ደስ ያለህ እንዳትዪኝ።

ሐሙስ ስብሰባ ላይ ደብዳቤሽን አነበብኩላቸው። ሳልጠይቅሽ። አውቃለሁ፣ አሁን ደግሞ በዚህ ትጮሂብኛለሽ። አንብቤ ስጨርስ አንዱ ተመራማሪ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ግሩም ድርሰት ነው፤ በመጽሔታችን እናውጣው።» ደሜ ፈላ። «ድርሰት አይደለም፣ ስድብ ነው፤ የተላከውም ለእኛ ነው!» አልኩ። ሰው ፊት ጮኼ አላውቅም ነበር። አዛውንቱ ፕሮፌሰር ግን «ልጁ ልክ ነው፤ መልስ ያልተሰጠው ደብዳቤ አይታተምም» አሉ። ዶክተር የሺሀረግ ከስብሰባው በኋላ ጠሩኝ። ዓመቱ ሲከፈት፣ ጥቅምት 20፣ ቅዳሜ፣ አዳራሹ የእናትሽ ነው። በቃላቸው ነው የነገሩኝ። አምናቸዋለሁ።

ለእማማ ኡሙሰልማ ንገሪልኝ። ትኬቱንም ማረፊያውንም እኔ አሰናዳለሁ።

ጌዴዎን


ውጫሌ፣ መስከረም 14 ቀን 2014 ዓ.ም.

ጌዴዎን፣

መጠይቁ ደርሶኛል። አልሞላሁትም፣ አልሞላውምም።

ክፍሌ ውስጥ ተማሪ የለም። ከቆቦና ከወልዲያ ጦርነቱን ሸሽተው የመጡ ሰዎች ዴስኮቹን ደርድረው ተኝተውባቸዋል። የእናንተ ማዕከል «የተፈናቃዮች ትዝታ» ብሎ ወረቀት ላከልኝ፤ አስተማሪ ነሽና አስሞዪ ተባልኩ። «ከቤትዎ ሲወጡ የተሰማዎትን ሐዘን ከአንድ እስከ አምስት ባለው ይግለጹ» ይላል። ለአንዲት የቆቦ ሴትዮ አነበብኩላቸው። «አምስት በይልኝ እቴ፤ ግን ብርድ ልብስ አምጪ» አሉኝ። ይህን ያዘጋጀው ሰው አጠገቤ ቢሆን ወረቀቱን አስበላው ነበር። አንተ ከሆንክ አትንገረኝ።

የመድፉ ድምፅ በውርጌሳ በኩል ይሰማል። እናቴ ግን ለጥቅምት ሃያ ነው የምትሰናዳው። ጓሮ እየዞረች ብቻዋን ታወራለች። የምትለብሰውን ሻሽ አጥባ አስቀምጣለች።

ባዬን ጠይቀኸኛል። ሚሊሻ ገብቷል፣ ጠመንጃ ይዟል። ሐይቅ ላይ «ጀግናችን» ይሉታል። እውነቱን ልንገርህ፣ አሁን ስለ ሀምዱ ማንሣት ነውር ሆኗል። ዕቁባችን ላይ አንዷ «ጠላት በር ላይ ቆሞ የድሮ ነገር ትቆፍራላችሁ?» ብላ ተቆጣችኝ። የድሮ ነገር! ልጅ እንደ ወተት ነው እንዴ፣ ሲቆይ የሚበላሽ? እናቴ በኋላ «ተያት» አለችኝ። «እሷም ፈርታ ነው። ሰው ሲፈራ የሚቀለውን ነገር ነው የሚጥል።» እኔ ግን አልተውኳትም፣ ሰደብኳት። በዚህ በኩል ወደ አባቴ ሳልወጣ አልቀረሁም።

መንገዱ ክፍት ከሆነ ጥቅምት አሥራ ስምንት እንነሣለን።

ሰሚሃ


ከማዕከሉ፣ ኅዳር 5 ቀን 2014 ዓ.ም.

ሰሚሃ፣

የት እንዳለሽ ሳላውቅ ነው የምጽፈው። ስልኩ ከተቋረጠ ወዲህ ከወሎ የመጣ ሰው ባረፈበት ሁሉ እየዞርኩ ስማችሁን እጠራለሁ። ዛሬ አንዲት የውጫሌ ሴት አገኘሁ፤ ዘመዶቿን ፍለጋ ደብረ ብርሃን ልትሄድ ነው። «ካገኘኋት እሰጣታለሁ» ስላለችኝ ቆሜ ነው የምጽፍልሽ።

ጥቅምት ሃያ አዳራሹ ተከፍቶ ነበር፤ ለብርድ ልብስና ለልብስ መሰብሰቢያ። ደግ ሥራ ነው፤ እኔም ስሸከም ዋልኩ። ያናደደኝ ሌላ ነው። የእናትሽን ቀን ማንም «ተላልፏል» እንኳ አላለም። ማስታወቂያው ላይ የነበረው ስማቸው ተነሣ፣ አለቀ። ዶክተር የሺሀረግን ስጠይቃቸው «ከዚህ ሁሉ በኋላ አገር ፈውስ ነው የሚያስፈልጋት» አሉኝ። ስለ ፈውስ የሚያወራ ጉባኤ እየተሰናዳ ነው። ቁስሉ ገና እየደማ ነው እኮ!

መጠይቁን እኔ አላዘጋጀሁትም። ግን ፊደሉን አርሜአለሁ።

በሕይወት ኑሪ። ከዚያ ስደቢኝ።

ጌዴዎን


ውጫሌ፣ ጥር 16 ቀን 2014 ዓ.ም.

ጌዴዎን፣

በሕይወት አለን፤ ስለዚህ እንደፈቀድክልኝ ልስደብህ። ፊደሉን አረምክ? ፊደሉን!

ያቺ ሴት ደብረ ብርሃን መጠለያ ውስጥ አግኝታ ደብዳቤህን ሰጠችኝ። አላህ ይስጣት። ብዙ ጊዜ አነበብኩት፤ ሌላ የሚነበብ ስላልነበረ ነው፣ እንዳትኮራ።

የጠየቅከኝን ሁሉ አልመልስልህም። ቤቱ አለ፤ በሩ የለም። ከዚያ ወዲያ ያለውን እናቴም አታወራ፣ እኔም አልጽፍ። አጎቴ ሰላሀዲን የሉም። ከቤት አልወጣም ብለው ቀሩ። ሳንታረቃቸው ነው የሄዱት፤ እናቴ ለሳቸው ስትል ታለቅስና መልሳ ደግሞ ትቆጣቸዋለች። አውፍ ያለው አፍ ከእንግዲህ መልሶ አይናገርም። የቀረው የእናንተ አሜን ብቻ ነው። ባዬ ደህና ነው፣ ጭረት አልነካውም።

አሁን ደግሞ ከማዕከላችሁ ጥሪ መጣ። «ከጦርነቱ የተረፉ እናቶች ድምፅ» ይላል፤ ዶክተሯ ፈርመውበታል። ስለ ሀምዱ አንድ ቃል የለበትም። ልቀድደው ስል እናቴ እጄን ያዘችኝ።

«ምን ይላል?»

አነበብኩላት።

«እመጣለሁ በያቸው።»

«እማዬ፣ የሚጠይቁሽ ስለ ጦርነቱ ነው።»

«ይጠይቁኝ። የጠየቁኝን እመልሳለሁ መቼ አልሁ?»

እኔ መምጣት አልችልም። ትምህርት ቤቱ ተከፍቷል፤ ከታሪክ አስተማሪዎቹ እስካሁን የተመለስኩት እኔ ብቻ ነኝ። ራዚያ አብራት ትመጣለች። ካንተ የምፈልገው አንድ ነው፤ ያን ጊዜ አሜን ያሉት ሰዎች አዳራሹ ውስጥ ይገኙ። ለዶክተሯ መንገር አለመንገር ያንተ ጉዳይ ነው።

ሰሚሃ


ከማዕከሉ፣ የካቲት 20 ቀን 2014 ዓ.ም.

ሰሚሃ፣

አልነገርኳቸውም።

ሳምንቱን ሙሉ እየዞርኩ ሰዎቹን ጠራሁ፤ ጡረተኛውን መምህር፣ መጽሐፍ አዟሪዋን፣ ያን ጊዜ የመጀመሪያ ዓመት የነበሩትን ተማሪዎች። ሁሉም አልመጣም። ብዙው ግን መጣ።

ትናንት እናትሽ ከሌሎች እናቶች ጋር መድረክ ላይ ተቀመጡ። ዶክተር የሺሀረግ በጣም በአክብሮት ጀመሩ። «እናታችን፣ በጦርነቱ ምን አጡ?»

«በጦርነቱ ቤት አጣሁ፣ ዋርሳዬን አጣሁ» አሉ። «ልጄን ግን ጦርነት አልገደለብኝም። ልጄን ባዬ ነው የገደለብኝ። እናንተ አሜን አላችሁ።»

ዶክተሯ ወረቀታቸውን አገላበጡ።

«እናታችን፣ የዛሬው ርዕሳችን…»

«እኔ ርዕሴን ይዤ ነው የመጣሁ።»

የድምፅ ሠራተኛው ዳይሬክተሯን አየና ማይኩን ዘጋው። ይህን ጊዜ ራዚያ ከፊት ወንበር ተነሣች። «ዝጋው፣ ዝጋው! እሳቸው ከወንዝ ማዶ የሚጣሩ ሴት ናቸው፤ ማይኩ ያሳንሳቸዋል!» ሰው ሳቀ። እናትሽ አልሳቁም። ቆሙ።

«ስሙ ሀምዱ ነው። እዚህ ቤት አልተጠራምና ልጥራው ብዬ ነው። እናንተ አሜን ስትሉ እኔ ቤቴ ምስር እለቅም ነበር። ‹ኡሙሰልማ፣ ምን ትያለሽ?› ያለኝ የለም። የራሳችሁን በደል አውፍ በሉ፣ ማን ከለከላችሁ። የእኔን ግን መልሱልኝ።»

ከኋላ በኩል ተማሪዎቹ ማጨብጨብ ጀመሩ። እናትሽ በጣም ነው የተቆጡት። «ሰርግ ነው እንዴ? አታጨብጭቡብኝ! ያላችሁትን መልሱ!»

ከዚያ ጡረተኛው መምህር ባርኔጣቸውን አውልቀው ተነሡ። «እኔ ብዬ ነበር። ሳላውቅ ነው። አሜኔን አንሥቻለሁ።» ተቀመጡ። መጽሐፍ አዟሪዋ ተከተለች። እኔም ከግድግዳው ሥር ተነሥቼ አልኩ። ሁሉም እንዳይመስልሽ። አንድ ሰውዬ «አገር እየፈረሰ ዕርቅ ታፈርሳላችሁ?» ብሎ ጮኸ። ሌላው «ያልታረቀ ነገር አይፈርስም!» አለው። ተነሥተው ተናነቁ ማለት ይቻላል። ገሚሱ ወጣ፣ ገሚሱ እያለቀሰ ቀረ። ማዕከሉ ከተከፈተ ጀምሮ ሕዝብ እንዲህ ሲሳተፍ አላየሁም። ዶክተር የሺሀረግ መጨረሻ ላይ «ሰዓታችን አልቋል» ብለው ዘጉት፤ ከመድረክ ሲወርዱ ግን ወረቀታቸውን እዚያው ረስተውት ነበር።

ሰኞ እንድቀርብ ተነግሮኛል። ምን እንደሚሉኝ እገምታለሁ። ቅጂውን ግን ሰኞን ሳልጠብቅ ትናንት ማታ በራዚያ ስልክ ላይ ጭኜዋለሁ፤ ለሼሁ ታሳያቸዋለች። እናትሽ ዛሬ ተነሥተዋል። መኪና ውስጥ ሆነው «ልጄ፣ ቅልጥምህ ይጠንክር፣ ደግሞ ብላ፣ ከስተሃል» ብለውኛል። ከእኔ ጋር የተነጋገሩት ይህንኑ ብቻ ነው።

ሽማግሌዎቹ መጡ ወይ? ሼሁ ቃላቸውን ጠበቁ ወይ? እንደ ደረሰሽ ጻፊልኝ።

ጌዴዎን


ውጫሌ፣ መጋቢት 12 ቀን 2014 ዓ.ም.

ጌዴዎን፣

አዎ፣ መጡ።

ሼህ ባድሩ ቅጂውን ሁለት ጊዜ አስደግመው አዩት አለች ራዚያ። «ሰምቻለሁ» አሉ፣ ዱላቸውን አነሡ። በማግስቱ ከሽማግሌዎቹ ጋር ደጃችን ላይ ቆሙ፤ ከኋላ የባዬ አባት፣ ከአባቱ ኋላ ባዬ፣ ጠመንጃ የለ፣ አንገቱን ደፍቶ። እናቴ ብቅ አላለችም። ረፋድ ላይ ሄዱ። በሳምንቱ መጡ፤ ያን ቀንም አልወጣችም። ሦስተኛው ትናንት ነበር። በሩ ላይ በሰቀልነው ብርድ ልብስ ውስጥ ሆና «ይናገር» አለች።

ባዬ «ተጣላን፤ ሸይጧን ገባብን» ሲል ጀመረ።

«ሸይጧንን አልጠየቅሁም። አንተን ነው። ዱላ ይዞ ነበር ወይ?»

የባዬ አባት በጉልበታቸው መሬት ያዙ።

«አልያዘም ነበር» አለ ባዬ።

«ጮክ በል። ጎረቤት ይስማ።»

«ሀምዱ ዱላ አልያዘም ነበር! መሬቱን በገመድ ሊለካ ጎንበስ እንዳለ ነው የመታሁት።»

እኔ ብርድ ልብሱን ገልጬ ልወጣበት ነበር፤ እናቴ ያዘችኝ። ራሷ ወጣች። ብዙ አየችው። «ሰማሁ» አለች። ሼሁ እጃቸውን ለዱዓ አነሡ።

«ሼህ ባድሩ፣ እጅዎን ያውርዱ። ሰማሁ ነው ያልሁ። አውፍ አላልሁም።»

አወረዱ። እንዲያ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። «እንመለሳለን» አሉና ሄዱ። እሷም «ተመለሱ» አለች። እነዚያ ሁለት ጎረቤቶች ከሰዓት መጥተው ፍርድ ቤት እንቆማለን አሉኝ። ቆመው ካላየሁ አላምንም፤ ግን አሉ።

ማዕከሉ ድጋፍህን ማቋረጡን ስትጽፍልኝ እንደ ቀልድ ጻፍከው። አታቅልለው፤ እኔን አናዶኛል። የዶክተሯ ደብዳቤም ለእናቴ ደርሷል፤ ጥሩ ደብዳቤ ነው፣ ይቅርታ ይላል። አነበብኩላት። «እሷም ትመላለስ» አለች።

ያሰብከውን ጥናት እዚህ ና ሥራው። አዳራሽ የለንም፤ የእኔ ክፍል አለ፣ ዴስኮቹም ተመልሰዋል። ሐሙስ ሐሙስ እንቀመጣለን፣ እኔ አሳርሬ እተችሃለሁ፤ ቀይ እስክሪብቶ ብቻ ይዘህ ና።

እናቴ ትናንት ሰዎቹ እንደሄዱ ጋደም አለች። በጠራራ ፀሐይ፣ በር በሌለው ቤት፣ እስከ መግሪብ፣ ጀምበር እስክትጠልቅ፣ ተኛች። ከሀምዱ ወዲህ እንዲህ ስትተኛ አላየኋትም። ስለዚህ ነገር ልጽፍ ወይ ብለህ ጠይቀኸኛል። እኔን ለምን ትጠይቀኛለህ? መጥተህ እሷን ጠይቃት።

ሰሚሃ